ባሌ ተራሮች ከልጆች ጋር፦ የት እንደር? ምን እንያዝ?

የሦስት ልጆች እናት | ጥቅምት 14

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ታኅሣሥ ውስጥ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (13፣ 9 እና 4 ዓመት) እና አማቴ ነን። በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ወንድም ሚስቱንና ሁለት ታዳጊ ልጆቹን ይዞ ከሲያትል ይመጣል። ልጆቹ አገራቸውን የሚያውቁት በሠርግና በዘመድ ጥየቃ ነው፤ ከቦሌ እስከ ሰሚት። ዘንድሮም ሶፋ ላይ ስልክ ሲነካኩ ከርመው እንዲመለሱ አልፈልግም።

ድንኳን ውስጥ ማደር እንፈልጋለን። የልጆቹ ምኞት ቀይ ቀበሮ ማየት ነው። ትልቁ ልጄ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ካልቆምኩ ብሏል። አማቴ ፈረስ ካለ የትም እሄዳለሁ ይላሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የነቢያትን ጾምም ይጾማሉ።

ሰነቲ ላይ ከልጆች ጋር ማደር ይቻላል ወይ? ካልሆነ የት የት እንደር? ብርዱ ምን ያህል ነው? እዚያ ምን ይበሰላል? ትንሿስ ትችለዋለች? የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። ቆንጆ ቦታ መሆኑንማ ሁሉም ነግሮኛል።

አስጎብኚ ከዲንሾ | ጥቅምት 14

አካም ጅርቱ እህቴ። እንኳን እኛን አሰባችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዲንሾ ነው፤ እንጀራዬም እንግዳ ይዞ ተራራ መውጣት ነው። ዋናውን ነገር በቅድሚያ ልንገርሽ። ሰነቲ ላይ ከልጆች ጋር አትደሩ። ቀን ውጡበት፣ ሳይመሽ ውረዱ።

ሰነቲ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ማታ ውሃ ይረጋል። የለመደ ሰው ያድርበታል፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን እዚያ የምታድርበት ምንም ምክንያት የለም። ባሌን ለቤተሰብ የሚመች ያደረገውም ይሄ ነው፦ ከጎባ ወደ ዴሎ መና የሚወርደው መንገድ ሰነቲን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። መኪና ጠዋት ያወጣችኋል፣ ከሰዓት ያወርዳችኋል። ቀይ ቀበሮው ቀን ነው የሚያድነው። ስለዚህ እሱን ለማየት እዚያ ማደር አያስፈልግም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርጋችሁ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በሌሊት ውጡ። በቆጂ ላይ ሻይ ጠጡ፤ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር መሆኑን ለሲያትሎቹ ልጆች ንገሯቸው። አዳባን አልፋችሁ ዲንሾ ልትደርሱ ስትሉ የጋይሳይ ሜዳ ይመጣል። እዚያ ፍጥነት ቀንሱ። የደጋ አጋዘኑም ከርከሮውም ከመኪና ሳትወርዱ ይታያል።

ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ። ድንኳን መትከያም ሎጅም አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እዚያው እደሩ። መሃል ያለውን ቀን ሩቅ አትሂዱ፤ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ተንሸራሸሩ። ድኩላና የደጋ አጋዘን ሰው ለምደዋል። ከዚያ ዕቃችሁን ጭናችሁ በጎባ በኩል ሰነቲን ውጡ፣ ቱሉ ዲምቱን እዩ፣ በወዲያኛው በኩል ወደ ሐረና ደን ውረዱ። ሪራ ወይም ካቻ ስታድሩ ከላይ ያያችሁት ብርድ ይረሳችኋል።

የመግቢያውን፣ የስካውቱን (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) እና የድንኳን ቦታውን ክፍያ ዲንሾ ቢሮው ትከፍላላችሁ። ዋጋ ስለሚቀያየር እዚህ ቁጥር አልጽፍም። ደረሰኝ ተቀበሉ። ፈረሶቹ የአካባቢው ሰው ናቸው፤ በወረፋ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ መንገድ ላይ ከምታገኙት ሰው ሳይሆን በቢሮው በኩል ያዙ።

ነርስ ከአዳማ | ጥቅምት 15

አስጎብኚው ያለው በሕክምናም ትክክል ነው። ጥቂት ልጨምር።

የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በወጣን በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ጉልበት ያለው ወጣት ይተርፋል ማለት አይደለም። እንዲያውም ወጣቶቹ ስለሚሮጡ ቶሎ ይይዛቸዋል። እናንተ አዲስ አበባ ስለምትኖሩ ሰውነታችሁ ከፍታን በመጠኑ ለምዷል። ሲያትል ግን ባሕር ዳርቻ ነው። እነሱ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ወደ ዲንሾ አይነዱ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይቆዩ።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታስጨምሩት። ቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ጥሩ ነው። ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ያ ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ። ከባሰበት፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አውርዱት። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ትንሿን በተመለከተ፦ የ4 ዓመት ልጅ ራሴን አመመኝ አትልም። ትነጫነጫለች፣ መብላት ትተዋለች፣ መጫወት ታቆማለች። መንገድ አድክሟት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ በከፍታው ምክንያት እንደሆነ ቁጠሩት።

አማትሽ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ማታ ሲበርዳችሁ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። በሩን ከፈት አድርገንዋል ማለት አያድንም። የከሰል ጭስ ሽታው ሳይሰማ ይገድላል። በየዓመቱ በየቤቱ የምንሰማው ሐዘን ድንኳን ውስጥም ያው ነው።

የሮቤ ሰው | ጥቅምት 15

እኔ ሮቤ ነው ያደግኩት። ባሌን የምታህል አገር አላየሁም። ግን ጎባና ሮቤ ሙቅ ሻወር ያለው ሆቴል እያለ ሕፃንና አዛውንት ድንኳን ውስጥ የሚያድሩት ለምንድነው? ከሆቴል ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ሰነቲን አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። እናቴ በኅዳርና በታኅሣሥ የዲንሾን ብርድ "አጥንት ይሰብራል" ትላለች። ደግሞ ያንን ሁሉ ፍራሽና ድስት ማን ይሸከማል?

ድንኳን ወዳጅ | ጥቅምት 15

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል። እንግዳውን አስበህ ነው። ግን ልጆች ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ የሚያገኙት ነገር በሆቴል አይገኝም። ሌሊት ወጥተው ሰማዩን ያያሉ። ጅብ ከሩቅ ሲጮህ አባታቸው አጠገባቸው ተኝቷል። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ተኝቶ ያገኙታል። እኔ ልጆቼን ይዤ የምሄደው ለዚህ ነው። ለአማቷ ግን ሎጁ ውስጥ አልጋ ይያዝላቸው፤ ትንሿም ከእሳቸው ጋር ትደር። ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ቢያድር ችግር የለውም፤ ቁርስ ላይ ይገናኛል።

አሁን ወደ ዕቃው። በታኅሣሥ ዲንሾ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከመሬትም ነው። ሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ይይዝና ከሥሩ ቀጭን ምንጣፍ ያነጥፋል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከሥር ሁለት ድርብ ስፖንጅ አንጥፉ። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ከዜሮ በታች የሚችል መሆኑን ላዩ ላይ አንብቡ። ሲያትሎቹ ከዚያ ይዘው ቢመጡ ይሻላል። ጋቢ ከላይ ጣል ሲደረግበት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጋቢን የሚተካ ነገር አላየሁም።

ልጆች ወደ መኝታ ሲገቡ ቀን የለበሱትን አውልቀው ደረቅ ልብስ ይልበሱ፣ ካልሲውንም ጭምር። በላብ የራሰ ካልሲ ሌሊቱን ሙሉ ያበርዳል። ብረት ኮዳ ካላችሁ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አድርጉላቸው። በሃይላንድ አይሆንም፣ ይቀልጣል።

ምግብ፦ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ዲንሾ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሰነቲ ደግሞ ከዚያም በታች። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ለመብሰል ከወትሮው በጣም ይቆያል። ቡታጋዛችሁን ትጨርሳላችሁ። ቶሎ የሚደርስ ያዙ። የእኛ ሰው ለዚህ የሚሆን ምግብ ከጥንት ጀምሮ አለው። ድርቆሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ በቋንታ መረቅ ሲፈረፈር ልጆቹ ድስቱን ይጠርጉታል። ለሚጾሙት በሽሮ ይፈርፈርላቸው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በየኪሳቸው። ለማይጾሙት ጭኮ፤ እዚያው ባሌ ውስጥ ጥሩው ይገኛል። ከቅቤውና ከገብሱ የሚገኘውን ጉልበት ቸኮሌት አይሰጥም።

ማገዶ ከደን እንዳትለቅሙ። ቡታጋዝ ይዛችሁ ሂዱ። አስታውና ጥዱ ለማደግ ስንት ዘመን ይፈጅበታል፣ በአንድ ማታ ሻይ ግን ያልቃል።

አስጎብኚ ከዲንሾ | ጥቅምት 16

የማገዶውን ነገር ስላነሳህ እግዜር ይስጥህ። በ2000 እ.ኤ.አ. በባሌ ደን የተነሳውን እሳት ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ጭሱ ለሳምንታት ነበር። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ነው፤ አስታ ደግሞ እርጥቡም ይነዳል። የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። እንግዳ ሁሉ ይሄን አውቆ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ከሚኒያፖሊስ | ጥቅምት 17

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛም በሚቀጥለው ዓመት ከልጆች ጋር እንመጣለን። ሁሉም ሰው ስሜን ተራሮች ነው የሚለው። ለቤተሰብ የትኛው ይሻላል?

ድንኳን ወዳጅ | ጥቅምት 17

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ስሜን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባሌ የተመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ስሜን ላይ የምታየው ገደል በሌላ ቦታ የለም። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ትንፋሽህ ይቆማል። ጭላዳው አጠገብህ ሣር ይነጫል፣ ዋልያውም አለ።

ነገር ግን የስሜን ካምፖች ራሳቸው ከፍ ያሉ ናቸው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። ለመተኛት የግድ ከፍ ትላለህ። መንገዱ ደግሞ በገደል አፋፍ ነው የሚሄደው። የ4 ዓመት ልጅ ይዞ በገደል አፋፍ የሚሄድ ወላጅ እጇን ሲጠብቅ ይውላል እንጂ ተራራውን አያይም። ባሌ ሜዳ ነው። ልጅ ይሮጥበታል። ከ10 ዓመት በታች ልጅ ካለህ ባሌ፣ ልጆቹ ጎረምሶች ከሆኑና መራመድ ከወደዱ ስሜን። የመንገዱን ሁኔታ ግን የትም ብትሄድ ከመነሳትህ በፊት በአካባቢው ያለ ሰው ጠይቅ። ከሚኒያፖሊስ ሆነህ የዛሬ ዓመቱን ወሬ አትመን።

የቀይ ቀበሮ ተማሪ | ጥቅምት 18

ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር እንስሳት ነው የተማርኩት፣ የባሌን ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከልቤ እወደዋለሁ። ለልጆቹ የምትነግሯቸው ነገር ላካፍላችሁ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጠቅላላ ቁጥሩ ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ይኖራል። በመንጋ ነው የሚኖረው፣ ግዛቱን በጋራ ይጠብቃል፣ ወደ አደን ሲሄድ ግን ለየብቻው ነው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ሰነቲ ላይ ያለው ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ የትም የለም። ጭንቅላቱን ብቻ ከጉድጓድ አውጥቶ ሣር ይሰበስባል። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው፣ ሳይወጣ ሰማይና ምድሩን እንዲያይ። አጠገቡ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቡኒ ወፍ ትቆማለች። ልጆቹ ወፏን ይፈልጉ፣ ፍልፈሉን ያገኙታል። ፍልፈሉ ባለበት ደግሞ ቀበሮው ሩቅ አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ ስትሄዱ ግልገሎቹ ትንንሽ ናቸው። ሴቷ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው የምትወልደው። ስለዚህ ጉድጓድ ብታዩ አትጠጉ። ከመኪና ሳትወርዱ እዩ። ሞተር አጥፉ። ሰው ሲወርድ ይሸሻል፣ መኪና ሲቆም ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቀበሮውን የሚጨርሰው ጥይት አይደለም፣ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው። በአንድ ወረርሽኝ ብቻ መንጋ ሙሉ ያልቃል። በአካባቢው ያሉ የገበሬዎች ውሾች የሚከተቡት ለዚህ ነው።

ሹፌራችሁንም አደራ በሉት። ሰነቲ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መብረር ያምራል። ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ሞቶ ማየት በጣም ያማል።

ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የፊንጫ ሃቤራን ነገር ንገሯቸው። ከዲንሾ በእግር ወይም በፈረስ የሚኬድበት ፏፏቴ አለ። በዚያ አካባቢ ባለ አለታማ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ቦታው 3,469 ሜትር ላይ ነው። ከላይ ያሉት ተራሮች ያኔ በረዶ ግግር ነበራቸው። ሰዎቹ ከበረዶው አጠገብ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ ያንኑ ግዙፍ ፍልፈልም እየጠበሱ ይበሉ ነበር። የ13 ዓመት ልጅ ይሄን ሰምቶ ስልኩን ካላስቀመጠ እኔ አላውቅም።

የሦስት ልጆች እናት | ጥቅምት 19

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ሰነቲ ላይ ማደሩ ቀርቷል። አማቴና ትንሿ ዲንሾ ሎጅ፣ ሌሎቻችን ድንኳን። ሲያትሎቹ ቀደም ብለው ይመጣሉ። ከተመለስን በኋላ እጽፋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት | ጥር 6

እንኳን አደረሳችሁ። ቃሌን ልጠብቅ።

ሄድን፣ በሰላም ተመለስን። ከሁሉ በፊት የነርሷን ምክር ላመስግን። ሲያትሎቹ አዲስ አበባ ቆይተው ነው የተነሳነው። እንደዚያም ሆኖ ዲንሾ በገባንበት ማታ ታናሽየው ልጅ ራሱን አመመው፣ እራት አልበላም። 14 ዓመቱ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ከሁላችን የሚበረታው እሱ ነበር። ባለቤቴ ወዲያው "ነገ የትም አንሄድም" አለ። በማግስቱ ውሃ እየጠጣ፣ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ዋለ። ከሰዓት ላይ ራሱ ምግብ ጠየቀ። ያን ቀን ሰነቲ ብንወጣ ኖሮ ጉዞው ለሁላችንም ያበቃ ነበር።

እኛ ደግሞ ያን ቀን በደኑ ዙሪያ ዋልን። አማቴ ዱላቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲሄዱ አንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ከጥዱ ሥር ወጥቶ ከፊታቸው ቆመ። ቀንዱ ጥምዝ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ክፍል ርዝመት አይበልጥም። አማቴ አልተንቀሳቀሱም። ቆይተው "ይሄ እኮ የ10 ሳንቲሙ ነው" አሉ። እውነትም የ10 ሳንቲሙ ነው። ልጆቹ ሳንቲሙን አያውቁትም ነበር። ማታ አማቴ ከቦርሳቸው ሥር ፈልገው አንድ አሮጌ አገኙና በባትሪ ብርሃን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ብርዱን የሮቤው ወንድማችን አላጋነነም። ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ላዩ መስታወት ሠርቷል። ልጆቹ በጣታቸው እየሰበሩ ሲጫወቱበት ቆዩ። ከሥር ድርብ ስፖንጅ በማንጠፋችን ግን ማንም ሌሊት በብርድ አልነቃም። ብረት ኮዳውም ሠርቷል፤ የ9 ዓመቷ በየማታው ራሷ ትጠይቅ ነበር።

ከዚያ ሰነቲ። ከጎባ በማለዳ ወጣን። መጀመሪያ ደኑ፣ ቀጥሎ አስታው፣ ከዚያ ድንገት ሰማይና ሜዳ ብቻ ሆነ። ጅባራው በየቦታው ብቻውን ቆሟል። ስካውታችን አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ድንገት እጁን አነሳ፤ ሹፌሩ ሞተር አጠፋ።

ቀበሮው ከመንገዱ በስተቀኝ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ቀይ ነው፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ነጭ። እግሩ ረጅም። አንድ ጉድጓድ ፊት ለፊት ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠብቃል። ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመኪናው ውስጥ አሥራችን፣ ሹፌሩና ስካውቱ አለን፣ ማንም አይተነፍስም። ትንሿ እንኳን አፏን በእጇ ይዛለች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዘሎ አፈሩን በፊት እግሩ ቧጨረ፣ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ ባዶውን ወጣ። አፈሩን ከፊቱ አራግፎ ቀና ብሎ አየንና ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። የ9 ዓመቷ "ቁርሱን ሳይበላ ሄደ" ብላ አዘነችለት። ቆይተን ግን ሌላ ጋ አንዱን ሲይዝ አየነው፤ ስትጨፍር ዋለች።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ በመኪና ነው የደረስነው። ትልቁ ልጄ የመጨረሻውን ቁራጭ በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ ከአባቱ ጋር ወረደ። በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ነው የደረሱት። ነፋሱ ሰው ይጥላል። ብዙ አልቆየንም፤ ትንሿ ዝም ማለት ስትጀምር የነርሷ ቃል ትዝ አለኝና ወዲያው ቁልቁለቱን ተያያዝነው።

ከሰነቲ ወደ ሐረና ሲወርዱ ያለውን መንገድ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሜዳው ያልቅና መንገዱ በገደሉ እየተጠማዘዘ ደመና ውስጥ ይገባል። የአስታ ዛፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ሽበት አለ። ከዚያ እየሞቀ ይሄዳል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ትንሿም ማውራት ጀመረች። ካቻ ላይ ስንደርስ ልጆቹ በቲሸርት ነበሩ። ጠዋት የቀሰቀሱን ጉሬዛዎች ናቸው፤ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ይዘናፈላል።

ሪራ ላይ የጫካ ቡና ጠጣን፣ ማርም ገዛን። ቡናውን ያፈላችልን እናት ሲያትሎቹን ልጆች ስማቸውን ጠየቀቻቸው፣ በኦሮምኛ ሰላምታ አስተማረቻቸው። አዲስ አበባ እስክንገባ መኪናው ውስጥ እርስ በርስ እሱን ሲባባሉ መጡ።

ነርስ ከአዳማ | ጥር 6

እሰይ! ልጁ ባመመው ማግስት ባለመውጣታችሁ በጣም ደስ አለኝ። አማትሽስ እንዴት ነበሩ?

የሦስት ልጆች እናት | ጥር 6

ሐኪማቸው አይቷቸው ነው የሄዱት። ዲንሾ ላይ ምንም አልሆኑም። ጾማቸውንም አልፈቱም፤ ድርቆሽ በሽሮ፣ በሶ በስኳር። ሰነቲ ላይ ከመኪና አልወረዱም፣ ትንሿን ታቅፈው ነበር። ፈረሱን ግን ዲንሾ ላይ ተቀምጠውበታል። ፈረስ ሳቢው ልጅ "እማማ፣ ከዚህ በፊት ጋልበዋል" አላቸው። ለካ ልጅ ሆነው መንዝ ውስጥ ይጋልቡ ነበር። ባለቤቴ ይሄን የሰማው የዚያን ቀን ነው።

የሮቤ ሰው | ጥር 7

ደስ ብሎኛል። በተለይ የሽማግሌዋ። በሚቀጥለው ስትመጡ ሶፍ ዑመርን ጨምሩ። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተራራው የሚወርደው የዌብ ወንዝ ዋሻውን ሰንጥቆ ያልፋል። ቆላ ስለሆነ ለልጆች ይመቻል፣ ድንኳን ግን አያስፈልግም፤ ማታ እኛ ጋ ሮቤ ተመለሱ።

ከሚኒያፖሊስ | ጥር 8

ወስነናል፣ ባሌ ነው። እኛ የምንመጣው ግን በሐምሌ ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ይሆናል?

አስጎብኚ ከዲንሾ | ጥር 8

ሐምሌ ዝናብ ነው ወንድሜ። ጭጋግ ሰነቲን ቀኑን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል፣ ድንኳኑም ይረጥባል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የፈረንጅ ገና እረፍታቸውን ብትጠቀሙ ይሻላል። ሐምሌ የግድ ከሆነ ግን ድንኳኑን ተውትና ዲንሾ ሎጅ ወይም ጎባ አድራችሁ፣ ሰነቲን በማለዳ ወጥታችሁ ከሰዓት በፊት ተመለሱ። አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴዎቹም ሞልተው ነው የምታገኟቸው። ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ሁለት ሁለት ቅያሪ ካልሲ። ቀኑን ስትቆርጥ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስካውትና ፈረስ በቢሮው በኩል እንዴት እንደሚያዝ እነግርሃለሁ።